የትእዛዝ ደብተር

ልጁን የተዋወቅኩት ተቀይሜው ነው። ደብረ ታቦር ላይ፣ ከገበያው ወደ ላይ በምትወጣ ባጃጅ ውስጥ ሦስት ሆነን ተጣብበን ተቀምጠን ነበር፤ እኔ፣ ዶሮ የታቀፈች ሴትዮ እና እሱ። መንገዱ ጭቃ ነበርና ባጃጇ ተያዘች። ሾፌሩ ወርዶ መግፋት ሲጀምር እኔም ልወርድ ስል ከዘራዬ አመለጠችኝና እግሩ ሥር ወደቀች። አንስቶ ዘረጋልኝ፤ በግራ እጁ።

እኔ ደግሞ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ደብተሩን በግራው ያቀበለኝን ተማሪ ሁሉ ስመልስ የኖርኩ ሰው ነኝ። አፌ ለምዶ፣

«እጅህ ተሳስቷል» አልኩት።

ፈገግ አለ። ቀኙን ከጃኬቱ ኪስ አውጥቶ አሳየኝ። አመልካች ጣቱና የመሃል ጣቱ ወደ ውስጥ ታጥፈው ደርቀዋል። ጥፍር የላቸውም፤ ቆዳቸው እንደ ቀለጠ ሰም ያብረቀርቃል።

«እሱ አልተሳሳተም ጋሼ፤ የተሳሳቱት ሌሎች ናቸው» አለኝ።

ባለ ዶሮዋ ሴትዮ ደረቷን ደቃች። «አፈር ስሆን! ምን በላህ ልጄ? ማሽን ነው?»

«ደብተር ነው የበላኝ እናቴ።»

እንግዲህ እኔ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቼ ቤቴ የምገባ ሰው አይደለሁም። ባጃጇ ከጭቃው እስክትወጣ ዝናቡም መጣ፤ ክንዱን ይዤ አጠገባችን ወዳለች ሻይ ቤት አስገባሁት። ቁጭ እንዳልን ስሙን ጠየቅኩት።

«ትእዛዝ። ትእዛዝ ላቀው።»

«ደግ ስም ነው።»

«ደግ ነበረ» አለ።

ሥራው ኮምፒውተር ነው። ከትምህርት ቤት ጓደኛው ከመሠረት ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ለማኅበራትና ለመሥሪያ ቤቶች ፕሮግራም ይጽፋሉ። መሠረት ጓደኛ ብቻ እንዳልሆነች ስሟን ሲጠራ ከድምፁ ገባኝ። የሥራውን ነገር እኔ የድሮ ሰው እንዲገባኝ እንዲህ አስረዳኝ፦

«ጋሼ፣ ቤት ሲሠሩ ሚስማሩን ራስዎ ይቀጠቅጣሉ? ከሱቅ ይገዛሉ እንጂ። እኛም እንደዚያው ነን። ሌላ ሰው የጻፈውን ቁራጭ ወስደን ከራሳችን ጋር እንገጥማለን። ቁራጩን ‹ጥቅል› እንለዋለን። የዓለሙ ጥቅል ሁሉ ተመዝግቦ የሚቀመጥበትን ትልቅ ጎተራ ደግሞ ‹መዝገብ›። ያለው ውጭ አገር ነው፤ በኢንተርኔት ነው የሚወርደው። ችግሩ፣ አንድ ጥቅል ብቻውን አይመጣም። ያለ እነ እገሌ አልሠራም ይላል፤ እነ እገሌም ያለ እነ እገሌ።»

«እንደ ሠርግ ጥሪ በለኛ!»

«በትክክል! አንድ ሰው ጠርተው አራት መቶ ይመጣብዎታል።»

በ2016 ዓ.ም. ኢንተርኔት ከስልኩ ሁሉ ሲጠፋ፣ መስመር የቀረላቸው ጥቂት መሥሪያ ቤቶች ብቻ ነበሩ። ትእዛዝ እየለመነ ሃያ ደቂቃ፣ ሲቀናው ግማሽ ሰዓት ያገኛል። ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት ማውረጃ ግን ለዚህ አልተሠራም፤ ሦስት መቶ ጥቅል ካወረደ በኋላ መስመሩ ከተቋረጠ ሁሉንም ጥሎ ከአንድ ይጀምራል። ስለዚህ ሁለቱ ተቀምጠው ትንሽ መሣሪያ ጻፉ። ሁለት መቶ መስመር አትሞላም። ስሟን «አውርድ» አሏት። በመሃል ማንንም ሳታማክር በቀጥታ ከመዝገቡ ታወርዳለች፤ መስመር ቢቋረጥ የቆመችበትን ታስታውሳለች። ይህን ሲነግረኝ ዕቃዋን «እሷ፣ እሷ» እያለ ነበር። እኔም አገሬ ነውና ልብ አላልኩትም። ትንሽና የተወደደ ነገር እኛ ዘንድ ሴት ነው።

የመሠረት ግትርነት ታክሎበት መሣሪያዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ አማርኛ ሆነች። «ጋፋት ያለችው እናቴ ብታነበው የማይገባት ከሆነ እኔ እጄን አላስገባም» ብላ ድርቅ አለች። ፈረንጆቹ ኮምፒውተር ውስጥ የሚሮጥ ሥራ ተጣብቆ አልሄድ ሲል «ተንጠለጠለ»፣ እሱን ማስቆምን ደግሞ «መግደል» ይሉታል፤ እነሱም «ግደል» አሉት። አንዱ ሥራ ሌላ ሥራ ሲያስነሣ ያስነሣው «ወላጅ»፣ የተነሣው «ልጅ» ይባላል፤ እንዳለ ጻፉት። መሣሪያዋን የሚንከባከባትን ሰው «ጠባቂ» አሉት። መብራት እየጠፋ ቢያስቸግራቸው ሁሉንም በሃምሳ ሉክ ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ገለበጡት፤ ትእዛዝ ሽፋኑ ላይ «የትእዛዝ ደብተር» ብሎ ጻፈ።

መሠረት ሳቀችበት። «ስምህ ነው ሥራው?»

«ሁለቱም» አላት።

ሰኔ ላይ ነው። እብናት ላሉ ሰዎች የከብት ክትባት መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርተው ነበርና፣ የጎደሉትን ጥቅሎች አውርዶ በፍላሽ ይዞ፣ ኮምፒውተሩን አንግቦ ተነሣ። ፍላሹን ከመስቀሉ ጋር ማተቡ ላይ አሰረው፤ አራት ወር የለመነው ነገር ነውና ኪሱን አላመነም። መሠረት አብራው ተሳፈረች፤ ጋፋት መገንጠያው ላይ ለእናቷ ልትወርድ። ስትወርድ «ደብተሩን እኔ ልያዘው፣ አንተ ጥለኸው ትመጣለህ» አለችው። እንቢ አላት።

ሚኒባሱ ከዚያ ወዲያ አሥር ደቂቃ ያህል እንደሄደ በገመድ አስቆሙት። የታጠቁ ናቸው። የእነማን ነበሩ ብዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ያኔ ጠመንጃ ያልያዘ ማን ነበር? እሱን ይተዉት» አለኝ። ተውኩት።

አሥራ አንዱን ተሳፋሪ አውርደው ወደ አንድ ባዶ የእህል መጋዘን ግቢ ነዷቸው። ሾፌሩን መጀመሪያ መቱት፤ ለምን እንደመቱት የሚያውቅ የለም። ኮምፒውተሩን አንዱ ከቦርሳው አውጥቶ በጫማው ረገጠው። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ አምላኩ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ ማረሻቸውን ቀጥቃጭ ዘንድ አስቀጥቅጠው በጆንያ ጠቅልለው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ። ጆንያው ተፈታና «ይህ ብረት ለምንድን ነው?» ተባሉ።

«ለመሬት ነው ጌታዬ። እናንተን አይነካችሁም።»

እሳቸውንም ከግድግዳው ሥር አስቀመጧቸው። ከዚያ አለቃው ደብተሩን ገለጠ። ረጋ ያለ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው። አማርኛውን ከመጽሐፍ እንደተማረ ያስታውቃል፤ አንድ ፊደል አይስትም።

«‹የትእዛዝ ደብተር›» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። «ትእዛዝ የሚሰጠው ማን ነው?»

«ትእዛዝ እኔ ነኝ።»

ስሜ ነው ለማለት አፉን ሲከፍት የጠመንጃው ሰደፍ አፉ ላይ ደረሰ። ሁለት ጥርሱ እጁ ላይ ወደቁ። አለቃው ገጽ ገለጠ።

«‹ከመዝገቡ በቀጥታ አውርድ። በመሃል ማንንም አታማክር።› ስንት ሰው ነው የተመዘገበው?»

«ሰው አይደለም። ጥቅል ነው።»

«የምን ጥቅል?»

«የኮድ።»

«ኮድ!» አለ አለቃው ወደ ሰዎቹ ዞሮ። «ሰማችሁ? ራሱ ነው ያለው።» ቀጠለ። «‹ከተንጠለጠለ ልጆቹን ግደል። ወላጁን መጨረሻ።›»

ከታጣቂዎቹ አንዱ፣ እስካሁን ማንንም ያልነካ፣ ጎልማሳ ሰው፣ ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጠ። «እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ» አለ በቀስታ። ከዚያ መጥቶ ትእዛዝን በእግሩ መምታት ጀመረ። ሆዱን፣ ጎኑን፣ ጀርባውን። እያለቀሰ ነበር የሚመታው። ትእዛዝ ይህን ሲነግረኝ፣ «እሱን እንኳ አልፈርድበትም ጋሼ» አለኝ። «ያነበቡለትን ነው የመታው።»

ትንፋሽ ሲያገኝ ለማስረዳት ሞከረ። ሥራ ነው፣ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፣ አንዱ ሥራ ሌላውን ይወልዳል፣ ሲጣበቅ ይገደላል፣ ደም የለውም አለ።

«ክፈትና አሳየኝ» አለ አለቃው።

ኮምፒውተሩ ሁለት ሆኖ መሬት ላይ ተኝቷል። ትእዛዝ ተመለከተው፤ አለቃውም ተመለከተው።

«ያሳዝናል» አለ አለቃው። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። «‹ጠባቂ፦ መሠረት።› መሠረት ማን ናት? የት ናት?»

ነገሩ ሁሉ እዚህች ላይ ነው። መሠረት በእግር ከአንድ ሰዓት በማይርቅ ቦታ፣ እናቷ ቤት ገብስ እየለቀመች ነበር። ጋፋት ናት ካለ ሄደው ያመጧታል፤ ቃሉን የመረጠችው እሷ ናትና፣ ማን ጻፈው ብለው ቢጠይቋት «እኔ» ትላለች። ውሸት የማታውቅ ልጅ ናት። እሱ ደግሞ ያን ቀን መውጫ አንድ ቃል ብቻ ነበረው።

«መሠረት ሰው አይደለም» አለ። «የሥራው መሠረት ማለት ነው። የቤት መሠረት እንደሚባለው።»

አለቃው ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። «ትእዛዝ ሰው ነው፤ መሠረት ግን ሰው አይደለም። ደግ። እጁን አምጡት።»

ግቢው ውስጥ የድሮ የድንጋይ ወፍጮ ነበር፤ መጁ የሚባለው መፍጫ ድንጋይም ላዩ ላይ አለ። ቀኝ እጁን ወፍጮው ላይ ዘርግተው ሁለት ሰዎች ያዙት። ልጆች ያሉት ሰውዬ ፊቱን አዞረ። ሌላው መጁን አነሣ። በመጀመሪያው ምት አመልካች ጣቱ ተደቆሰ። ትእዛዝ የራሱን ጩኸት የሰማው ከሌላ ሰው እንደመጣ ሆኖ ነው።

«መሠረት የት ናት?»

«ሰው አይደለም።»

የመሃል ጣቱም ተደቆሰ። አጥንቱ ነጭ ሆኖ ወጣ። አጠገቡ የነበረች ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች።

አለቃው ጎንበስ ብሎ በጆሮው፣ «አትንገረኝ» አለው። «ከዚህ ጀምሮ እስከ ከተማው በየቤቱ እገባለሁ። መሠረት የሚባሉትን ሁሉ እሰበስባለሁ። አንዷ የአንተ ትሆናለች።»

«እሷን ተዋት!» ብሎ ጮኸ ትእዛዝ። «እሷ ምን አደረገች!»

አፉ እንጂ እሱ አላለውም። ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። አለቃው ቀና አለ።

«እሷ?»

አንዱ ታጣቂ ከደብተሩ ገጽ ቀድዶ ትምባሆ ይጠቀልል ነበር። ትእዛዝ በአገጩ ወደዚያ አመለከተ። «ደብተሯን ነው። እየቀደዳት ነው፤ አያዩም?»

«ደብተር ወንድ ነው» አለ አለቃው። «‹ደብተሩ› ነው የሚባለው። እኔም አማርኛ ተምሬያለሁ።»

ይህን ጊዜ ከግድግዳው ሥር የሽማግሌው ድምፅ መጣ።

«ጌታዬ፣ በእኛ አገር ትንሽ ነገር ሴት ናት።»

«ማን ጠየቀህ አንተን?»

«ማንም። ግን ልጁ ዋሽቷል እንዳትሉ ነው። ይቺ ማረሻዬን እኔም ‹እሷ› ነው የምላት። ከሚስቴ ይልቅ ከእሷ ጋር ነው ያረጀሁ። እሷ ትሻላለች፤ አትመልስም።»

ሁለት ታጣቂዎች ሳቁ። አንዱ ሳቁን አለቃው እንዳያይበት ሰደፉን አነሣና ሽማግሌውን ጉንጫቸው ላይ መታቸው። ወደቁ፤ ተነሥተው ተቀመጡ። አለቃው ሄዶ ማረሻውን ከመሬት አነሣ፤ በእጁ መዘነው።

«ይህችን ነው?» አለ።

ሽማግሌው በደም በተሞላ አፋቸው ፈገግ አሉ። «አዩ? እርስዎም አሏት።»

አሁን ሁሉም ሳቁ። ልጆች ያሉት ሰውዬ ሳይቀር ሳቀ። አለቃው ግን አልሳቀም። ማረሻውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ሽጉጡን አወጣ፤ ሽማግሌውን ሆዳቸው ላይ ተኮሰባቸው። ሰው ዝንብ እንደሚያባርር፣ ቁጣ እንኳ ፊቱ ላይ ሳይታይ።

ሳቁ ተቆረጠ። አለቃው ወደ ትእዛዝ ተመለሰ።

«ማተብህን ይዘህ ማል። መሠረት ሰው እንዳልሆነ።»

ትእዛዝ በግራ እጁ አንገቱ ሥር ገባና ማተቡን ያዘ። መስቀሉና ፍላሹ አብረው መዳፉ ውስጥ ገቡ። ጨበጣቸው።

«በግራ ነው የምትምለው?»

«ቀኙን እናንተ ወሰዳችሁት።»

አባቱ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የነበሩ ሰው ናቸው፤ ሰምና ወርቁን ከእሳቸው ነው የሰማው። ያን ቀን ጣቶቹ እየደሙ፣ ሽማግሌው አጠገቡ እያቃሰቱ፣ እንዲህ ብሎ ማለ፦ «መሠረት የሥራዬም የሕይወቴም መሠረት ነው። ይህን መሠረት ብንድ፣ እኔም እንደ ፈረሰ ቤት ልቁም። ከዋሸሁ ይቺ ማተብ ትነቀኝ።»

አለቃው ወርቁን ያግኘው አያግኘው ትእዛዝ እስከ ዛሬ አያውቅም። ያን ጊዜ አለቃው የያዘው ሬዲዮ ጮኸ፤ ከኮረብታው ማዶ ተኩስ ተጀምሮ ነበር። ደብተሩን ደረቱ ላይ ወረወረለትና ሰዎቹን ይዞ ወጣ። ልጆች ያሉት ሰውዬ መጨረሻ ወጣ።

ተሳፋሪው ሁሉ ሲበተን ትእዛዝ ወደ ሽማግሌው ተጎተተ። ጭንቅላታቸውን ጭኑ ላይ አደረገ። ሆዳቸውን በግራ እጁ ሊይዘው ሞከረ፤ ደሙ በጣቶቹ መሃል ወጣ።

«አባቴ፣ እኔ ነኝ ያስገደልኩዎ።»

«ዝም በል። እሷን… ለእመቤት ስጣት። ልጄ ናት። እብናት መንገድ፣ ከድልድዩ በላይ።»

«መሠረትን?» አለ ትእዛዝ፤ አእምሮው እዚያው ነበርና።

«ማረሻዋን እንጂ! አንተ ደግሞ።» ሽማግሌው ሊስቁ ሲሉ ደም ተናነቃቸው። «ያንተዋንማ አላውቃት። ሰው አይደለችም አልክ'ኮ።»

ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ትእዛዝ ማረሻዋን በጆንያ ጠቅልሎ፣ እጁን በነጠላ አስሮ፣ በማሳ በማሳ ጋፋት ገባ። መሠረት በሩ ላይ አየችው። ሁሉንም ነገራት፤ እሷም ሁሉንም ሰማች። ሐኪም ያየው በአምስተኛው ቀን ነው፤ መንገድ ተዘግቶ። ማረሻዋን ለእመቤት ያደረሱላት የሽማግሌው አርባ በዋለበት ሳምንት ነው፤ ሁለቱም ሄደው። እመቤት ተቀብላ አቅፋት ቆየች፤ ከዚያ «አባቴ ምን አለ?» አለች። የመጨረሻውን ቀልድ ነገሯት። እያለቀሰች ሳቀች።

«ፍላሹስ?» አልኩት፤ ሻያችን ቀዝቅዟል።

«አለች። አራት መቶ ስድስት ጥቅል፣ አንድ አልጎደለም። ፕሮግራሙ እብናት ላይ ይሠራል። አሁን እኔ እናገራለሁ፣ መሠረት ትጽፋለች። እኔ በግራዬ እየለመድኩ ነው።»

«‹ግደል› የሚለውንስ?»

«እሷ ናት የቀየረችው። አሁን ‹አሳርፍ› ይላል። ‹ልጆቹን አሳርፍ፤ ወላጁን መጨረሻ።› የራሷንም ስም አጠፋች። ‹ጠባቂ፦ አምላኩ› ይላል። መሣሪያዋን የወሰዱ ልጆች ‹አምላኩ ማን ነው? ጥያቄ አለን› እያሉ ይጽፉልናል።»

«ምን ትላላችሁ?»

«ገበሬ ነው እንላለን። የሚያምነን የለም።»

ዝናቡ አባራ። ባጃጇ ከጭቃው ወጥታ ሾፌሩ ጡሩምባውን ይነፋብናል፤ ባለ ዶሮዋ ሴትዮ ከውስጥ ሆና «ኧረ ሰዎች፣ ዶሮዬ እንቁላል ልትጥል ነው!» ትላለች። ተነሣን። እኔ በዚያ አፍታ ይህን ታሪክ እንደምጽፈው አውቄ ነበርና፣ ልጽፈው ፍቀድልኝ አልኩት፤ ስሞቹን ግን እቀይራለሁ አልኩት።

ከዘራዬን አነሣና ዘረጋልኝ፤ በግራው። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩት።

«ይጻፉት ጋሼ» አለኝ። «ስሞቹን አይቀይሯቸው፤ ከቀየሯቸው ነገሩ ይጠፋል። መጥቶ የሚጠይቅዎ ሰው ካለ ግን፣ መሠረት ሰው አይደለችም ይበሉት።»